የጡት ካንሰር ውጤት ከሰማሽ በኋላ፦ ድጋፍና ተስፋ የምታገኚበት መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ (ለድሬዳዋና ለሐረር ሴቶች)

«ውጤቱ ካንሰር ነው አሉኝ። አሁን ምን ላድርግ? ለማን ልንገር?»

ይህ ጥያቄ በስልክ ይመጣብኛል፣ በመልእክት ይመጣብኛል፣ አንዳንዴ ቤት ድረስ ይመጣብኛል። እኔም ታክሜ ያለፍኩበት መንገድ ስለሆነ ሰው ሰውን እየላከ ያገኘኛል። መልሴ ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ጻፍኩት። የሕክምናውን ዝርዝር ሐኪምሽ ይነግርሻል። እዚህ ያለው ሌላው ነው፤ ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጊው፣ ሰውን እንዴት እንደምታሰልፊው፣ ተስፋሽን ምን ላይ እንደምታስይዢው።

በድሬ ልማድ «አንቺ» እያልኩ ነው የምቀጥለው። እናቴ የምትሆኚም ቅር እንዳይልሽ። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ወንዶችም በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ ወንድ ከሆንክ ደረጃዎቹ ለአንተም ያው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ባትሪ ያልቃል፣ ልጅም ይነካካዋል።
- ወረቀት የሚይዝ ፎልደር። የናሙና ውጤት፣ አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ፣ ሪፈር፣ ደረሰኝ፣ ሁሉም እዚያው ይግባ። ወረቀት ሲጠፋ ቀጠሮ ይባክናል፤ ቀጠሮ ሲባክን ደግሞ ሞራል ይወርዳል።
- የሰውነት ሙቀት መለኪያ። ኬሞ (ካንሰሩን የሚያጠቃው መድኃኒት) ስትጀምሪ ቤት ውስጥ የግድ መኖር አለበት።
- ሁለት ሦስት የጥጥ ሻሽ ወይም ስስ ሂጃብ።
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ።
- ስልክ ስትደውይ የሚያነሳ አንድ ሰው። እሱን እንዴት እንደምትመርጪ ደረጃ 2 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እለፊያቸው፣ ትልቅ ውሳኔ አትወስኚ

ውጤቱን የሰማሽ ቀን ጆሮሽ ይደፈናል። ሐኪሙ ከ«ካንሰር» በኋላ የተናገረው አብዛኛው አይያዝም። ይህ የድንጋጤ ሥራ ነው፤ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ቤት አትሽጪ፣ ሥራ አትልቀቂ፣ ከባልሽ ጋር የቆየ ሂሳብ አታወራርጂ። ብይ፣ ጠጪ፣ ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥቂት ቀን ተረጋግቶ መዘጋጀት በአብዛኛው ሕክምናውን አይጎዳም። ሳምንታትና ወራት ማሳለፍ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ቀጣዩን ቀጠሮሽን ቀን መቁጠሪያው ላይ ክበቢው፤ ከዚያ ተንፍሺ። ሐኪሙ «ቶሎ» ካለሽ ደግሞ ቶሎ ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ሰው ምረጪ

ለሁሉም በአንድ ቀን አትንገሪ። አንድ ሰው ይበቃል። የሥጋ ዘመድ መሆን የለበትም፤ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። መመዘኛው ሦስት ነው፦ ሚስጥር ይይዛል? አንቺ ስታለቅሺ ደረቱን ሳይደቃ መቀመጥ ይችላል? ሐኪም ቤት አብሮሽ ለመሄድ ጊዜ አለው?

ምን ብዬ ልጀምር ካልሽ፣ እንዲህ በይ፦ «ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኛል። ምክር አሁን አልፈልግም፤ ስማኝ ብቻ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ አብረኸኝ ሂድ።» አጭር ነው፣ ግን ለሰውየው ሥራ ሰጥቶታል። ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ነው ወይ የሚሸሸው ወይ ምክር የሚያበዛው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው። ግን አለመደበቅ ማለት ለሰፈር ማስነገር ማለት አይደለም። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ማን፣ መቼ ይወቅ የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ደረጃ 3፦ ፍርሃቱን ወደ ጥያቄ ቀይሪው

ሌሊት የሚያስፈራሽን ነገር ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፊ። ጠዋት ላይ እያንዳንዱን ወደ ጥያቄ ቀይሪው። «እሞት ይሆን?» የሚለው «በሽታው ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? የሕክምናውስ ዓላማ ምንድን ነው?» ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ያሽከረክርሻል፤ ሁለተኛው መልስ አለው።

ሐኪሙን የምትጠይቂው ይህን ነው፦

- ዓይነቱ ምንድን ነው? ደረጃውስ?
- የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተሠርቷል? ሄር ቱ (HER2) የሚባለውስ? (ከኬሞ በተጨማሪ ምን መድኃኒት እንደሚጠቅምሽ የሚለየው ይህ ምርመራ ነው።)
- መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ነው ወይስ ኬሞ? ለምን?
- ጨረር ያስፈልገኛል? የት ነው የምወስደው?
- ወደፊት መውለድ ብፈልግስ? (ይህን ኬሞ ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ።)
- የትኛው መድኃኒት እዚሁ አለ፣ የትኛውን ከውጭ እገዛለሁ?

አብሮሽ የሚገባው ሰው ሥራው መጻፍ ብቻ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ይቀለኛል ካልሽ በዚያ እንዲያስረዱሽ ጠይቂ። እዚህ አገር ቋንቋ የሚያስተረጉም ነርስ አይጠፋም። ያልገባሽን ነገር ነቅንቀሽ አትለፊው።

አንድ ነገር ላስምርበት። እኛ ጋ ቤተሰብ ሐኪሙን ወደ ጎን ወስዶ «ለእሷ እንዳትነግሯት» ማለት የተለመደ ነው። ከፍቅር ነው የሚያደርጉት። ግን የተደበቀባት ሴት ሁሉንም ከፊታቸው ታነባለች፤ ብቻዋንም ትፈራለች። ቀድመሽ «ውጤቴን ለእኔ ንገሩኝ» በይ፣ ለሐኪሙም ለቤተሰብም።

ደረጃ 4፦ ሥራ አከፋፍዪ

ከሁሉም ደረጃ ይህኛው ይበልጣል። ሌላውን ብትዘልዪ እንኳን ይህን አትዝለዪ።

ሰው ሁሉ «ምን ልርዳሽ?» ይልሻል። አንቺ ደግሞ «ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትያለሽ። በሦስተኛው ሳምንት ጠያቂው ይቀንሳል፤ አንቺም ሰው ከዳኝ ትያለሽ። ሰው አልከዳሽም። ሥራ ያልተሰጠው ሰው ነው የጠፋብሽ። ደብተርሽ ላይ አንድ ገጽ ክፈችና በግራ ሥራውን፣ በቀኝ የሰው ስም ጻፊ፦

- ቀጠሮ አብሮ የሚሄድ (ሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ ሲያቅተው ሌላው)
- በኬሞ ቀንና በማግስቱ ምግብ የሚያመጣ
- ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ
- መድኃኒት ፋርማሲ ዞሮ የሚፈልግ
- ገንዘብና ደረሰኝ የሚይዝ
- ለሚደውል ዘመድ ሁሉ በአንቺ ፈንታ የሚመልስ
- ዝም ብሎ አጠገብሽ የሚቀመጥ

የመጨረሻው እንደ ሥራ አይታይም፤ ግን ነው። «አይዞሽ» የሚልሽ ሞልቷል፤ አጠገብሽ ዝም ብሎ ቡና የሚጠጣ ግን ጥቂት ነው። «አይዞሽ» ሲበዛብሽ እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ ስለ ደግነትሽ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ሳትናገሪ አብረሽኝ ተቀመጪ።»

በስልክ የምትልኪው መልእክት ከቸገረሽ ይህን ገልብጪ፦

«ሰላም ነሽ? እየታከምኩ ነው። ሐሙስ ኬሞ አለኝ። ዓርብ ምሳ ለእኔና ለልጆቼ ብትልኪልኝ በጣም ያግዘኛል። ቅመም አይብዛበት። ካልተመቸሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም።»

ቀኑ አለ፣ ሥራው አለ፣ እምቢ ለማለትም በር ተከፍቷል። እንዲህ የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል።

እድር፣ ማኅበር፣ እቁብ፣ ሐረር ከሆንሽ አፎቻ ካለሽ ተጠቀሚበት። የብዙ እድር ደንብ ገንዘብ የሚከፍለው ለሐዘን ነው፤ ስለዚህ ደንቡን አስነብቢ። ገንዘብ ባይፈቅድም ሴቶቹ በየተራ ማብሰልና ማጀብ ይችላሉ። እቁብ ውስጥ ካለሽ ዳኛውን አናግረሽ ዕጣሽን እንዲያስቀድሙልሽ ጠይቂ።

ገንዘብ ከኅሊና ሰላም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህንንም ጨምሪ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንሽ ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ሪፈሩን ሳትይዢ አትሂጂ። አቅም ከሌለሽ ቀበሌ ስለ ነጻ ሕክምና ደብዳቤ ጠይቂ። ሆስፒታል ውስጥም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለ አነጋግሪ።

ደረጃ 5፦ ለልጆችና ለቤተሰብ ንገሪ

ልጅ የተደበቀበትን ነገር ያሸታል፤ ያላወቀውን ደግሞ ከእውነቱ የባሰ አድርጎ ይሞላዋል። ለትንንሾቹ ሦስት ነገር ይበቃል፦ «እማዬ ጡቷ ላይ ሕመም አለ፣ እየታከመች ነው። በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም። በመተቃቀፍም አይተላለፍም።» ከዚያ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣቸው ንገሪያቸው። ለትልልቆቹ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ራስሽ ንገሪያቸው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት። የማታውቂውን «እኔም ገና አላወቅሁም፣ ሳውቅ እነግራችኋለሁ» በይ።

ለባልሽ ስትነግሪ ቢዘጋ አትደንግጪ። ብዙ ወንድ የሚፈራውን በዝምታ ነው የሚያሳየው። ሥራ ስጪው፤ ፎልደሩን እሱ ይያዝ።

ለአሮጊት እናት ደግሞ መንገርሽን በሌላ ሰው ፊት አድርጊው። ሲከፋቸው አንቺ አጽናኝ እንዳትሆኚ።

ደረጃ 6፦ ያለፈችበትን ሴት ፈልጊ

ኬሞ ጨርሳ ገበያ የምትወጣ አንዲት ሴት ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። የት ትገኛለች? ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል፤ የኬሞ ክፍል ነርሶች የጨረሱ ሴቶችን ያውቃሉ። «ፈቃደኛ የሆነች አንዲት ሴት ስልኬን ስጧት» በያቸው። የእሷን ስልክ አትጠይቂ፣ የአንቺን ስጪ። ሕክምና ተራ ስትጠብቂም አጠገብሽ ያለችውን አናግሪ። እኔ እስካሁን የምደዋወላቸው ሴቶች እዚያ አግዳሚ ላይ የተዋወቅኋቸው ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈልሽ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ፤ የካንሰር ታማሚዎችን የሚደግፍ አገር በቀል ድርጅት ነው። ማረፊያ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

ስትገናኙ የምትጠይቂያት እንዴት እንደኖረችው ነው፦ ምን በላች፣ ፀጉሯን ምን አደረገች፣ ቤቱን ማን ያዘ። «ስንት ዓመት ትኖሪያለሽ ተባልሽ?» አትበያት። የእሷ ዓይነትና ደረጃ የአንቺ አይደለም።

ደረጃ 7፦ እምነትሽን ከሕክምናው ጋር አብረሽ ያዢው

ጸሎት፣ ዱዓ፣ ጸበል፣ ቁርኣን፣ ብዙዎቻችንን የያዘን ይኸው ነው። አትተዪው። ግን ለነፍስ አባትሽ ወይም ለኢማሙ ሙሉውን ንገሪ፦ «ኬሞ እየወሰድኩ ነው፣ ክኒን አለኝ።» ጾም ሲመጣም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ለታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለ። ቀኑን ሙሉ ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል በኬሞ ጊዜ አቅም ያሳጣል።

ቁልቢ ገብርኤልም ሆነ ሌላ ብዙ ሕዝብ ያለበት ቦታ መሄድ ካማረሽ ቀኑን ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ። ከኬሞ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይይዛል። ለሰርግና ለለቅሶም ያው ነው።

ጸበል ጠጪ፤ ክኒኑንም ዋጪ። «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚልሽ ካለ ሌላ አባት፣ ሌላ ሼክ ጠይቂ።

ደረጃ 8፦ ለሰውነት ለውጥ ቀድመሽ ተዘጋጂ

ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ኬሞዎች ፀጉር ያረግፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። ትራስ ላይ ጠዋት ከማግኘት በፊት አሳጥረሽ ተቆረጪ። ወዳጅሽን ጥሪ፣ ቡና አፍሉ፣ እሷ ትቁረጥልሽ። ምክንያቱም ቀኑን አንቺ ስትመርጪው የተወሰደብሽ ነገር ያንሳል። ሕክምናው ሲያልቅ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ለድሬ ሙቀት ዊግ ይከብዳል፤ የጥጥ ሻሽ ይሻላል። ቅንድብም ሊረግፍ ስለሚችል ኩል እርሳስ ያዢ።

ጡት ከተነሳ በኋላ መስታወት ፊት ለመቆም አትቸኩዪ። መጀመሪያ በእጅሽ በልብስ ላይ ዳስሺው፣ ከዚያ ቁስሉ ሲታሸግ ነርሷ እያለች እዪው። ቁስሉ ሲድን ከለስላሳ ጨርቅና ጥጥ የተሰፋ መሙያ ጡት መያዣሽ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። የምትታመን ልብስ ሰፊ ካለችሽ በልክሽ ትሠራልሻለች። ከባልሽ ጋር ደግሞ መነካት የምትፈልጊውንና የማትፈልጊውን በቃል ንገሪው። እሱም እንዳያምሽ ፈርቶ ሊርቅ ይችላል፤ አንቺ ደግሞ ጠልቶኝ ነው ትያለሽ።

ደረጃ 9፦ የመንገዱን ቀን አቅልዪው

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የደንገጎ መጠማዘዣ ለጤነኛም ያጥወለውላል። ስትሄጂ ፊት ወንበር ያዢ። ስትመለሺ ሐኪሙ ያዘዘልሽን የማቅለሽለሽ መድኃኒት በታዘዘው ሰዓት ዋጪ፤ ሲመጣ ከመዋጥ ሳይመጣ መከላከል ይቀላል። ሎሚ፣ ውኃ፣ ላስቲክና ፎጣ በትንሽ ቦርሳ ያዢ። ሐረር ብርድ አለ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ አትርሺ። ዘመድ ካለሽ ጀጎልም ይሁን አራተኛ እዚያው እደሪ። ይህ ሁሉ ስለ ስሜት በተጻፈ መመሪያ ውስጥ ለምን ገባ ትይ ይሆናል። ብዙ ሴት ሕክምናውን የምትጠላው በመንገዱ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 10፦ ሌሊቱን ያዢ፣ ተስፋን በአጭር ርቀት ትከዪ

ሌሊት ሲጨንቅሽ፦ በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሚው። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። ስልኩን ከመኝታ አርቂው፤ በሌሊት የሚታይ የቲክቶክ «መድኃኒት» እንቅልፍ ይነሳል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሁለቱም አሁን ያስፈልጉሻል።

ተስፋን በተመለከተ፦ «እድናለሁ ወይስ አልድንም» የሚለው ላይ ብቻ ካስያዝሽው በየቀኑ ይወዛወዛል። ቀን መቁጠሪያው ላይ አቅርበሽ ትከዪው። ኬሞ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አብዛኛው ሰው ጉልበቱ ይመለሳል። እዚያ ሳምንት ላይ አንድ የምትናፍቂው ነገር ጻፊ። የልጅሽ ፈተና ውጤት፣ የእህትሽ ቤት ምሳ፣ ማታ ከነፋሱ ጋር ከዚራ ዛፎች ሥር መራመድ። ያለፈውን ዙር በቀይ ሰርዢው።

ማስጠንቀቂያ

- ኬሞ ላይ እያለሽ ሙቀትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። ድሬ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢና «ኬሞ ላይ ነኝ» በይ። ሳትለኪ ፓራሲታሞል አትውሰጂ፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል።
- ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው።
- «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ብቻሽን አትደሪ። ለደረጃ 2 ሰውሽ ያኔውኑ ደውዪ፣ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።
- ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ለድብርት መድኃኒት ለሚያዝልሽ ሐኪም ንገሪ። ከድብርት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የታሞክሲፈንን ሥራ ይቀንሳሉ፤ የማይቀንሱም አሉ።
- ቅጠላ ቅጠልና ሥር ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጠጪ። ጉበትን የሚጎዱ አሉ፤ ጉበት ደግሞ ኬሞውን የሚያጣራው ነው።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*ሁሌ ጠንካራ መምሰል።* ስትስቂ ያየሽ ሰው ደህና ነሽ ብሎ ይሄዳል። የደከመሽ ቀን «ዛሬ ደክሞኛል» በይ።

*ጠያቂን ሁሉ ማስተናገድ።* ታማሚዋ ተነስታ ቡና የምታፈላበት ቤት አይቻለሁ። በር ላይ የሚመልስ ሰው ይኑር፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ በስልክ ይጠይቅ።

*ትንሽ ሲሻል ማቆም።* እብጠቱ በኬሞ ሲቀንስ «ድኛለሁ» ብሎ ቀዶ ሕክምናውን መተው። ማቆም ካሰብሽ ለምን እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ገንዘብም ከሆነ፣ ሕመምም ከሆነ፣ መነጋገር ይቻላል።

*«ምን ሠርቼ ነው» ብሎ ራስን መክሰስ።* ቡዳ፣ እርግማን፣ የጡት ማጥባት ጥፋት እያልሽ አትቆፍሪ። የአንዲትን ሴት ካንሰር ምክንያት በእርግጠኝነት መለየት ሐኪምም ብዙ ጊዜ አይችልም።

*ሕክምናው ሲያልቅ ሁሉንም መበተን።* ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ያኔ ነው፣ በተለይ የክትትል ቀጠሮ ሲቃረብ። የሆርሞን ክኒን ከታዘዘልሽ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የደብተሩን ገጽ አትቅደጂው። ምግብ አምጪዎቹን አመስግነሽ አሰናብቺ፤ ለክትትል ቀን አብሮሽ የሚሄደውንና ዝም ብሎ አጠገብሽ የሚቀመጠውን ግን አስቀሪ።